ቴብል ማውንቴንን በእግር ለመውጣት ለጀማሪዎችና ለእናቴ የሚሆን የትኛው መንገድ ነው?

ሚሚ_ቤልቪል

ሰላም ለሁላችሁ። በዲሴምበር መጨረሻ ስድስት ሆነን ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ያለውን ቴብል ማውንቴንን በእግር ለመውጣት አስበናል። ከመካከላችን የ58 ዓመት እናቴና የ10 ዓመት ልጅ አሉ። መራመድ አይከብዳቸውም፤ ገደል ግን ሁለቱም ይፈራሉ። አንዱ ኢንዲያ ቬንስተር የሚባለው መንገድ ከኬብል ካሩ (በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው ከሚያመላልሰው) ጣቢያ ስለሚነሳ ይቀርባችኋል ይለናል፤ ሌላው ስኬልተን ጎርጅ ጥላ አለው ይላል፤ ፕላተክሊፕ ደግሞ ደረጃና ፀሐይ ብቻ ነው ይሉታል። የትኛውን እንያዝ? ስንመለስ በኬብል ካር ብንወርድስ? ውሃስ ስንት ይበቃናል? መኪና አለን።

ባለከዘራ

ሰላም ሚሚ። ለእናንተ ፕላተክሊፕ ጎርጅ ነው፤ ሁለቱን ለሌላ ጊዜ ተዉአቸው።

ኢንዲያ ቬንስተር ከጣቢያው ሥር መነሳቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከመካከሉ በኋላ በእጅ ተይዞ የሚወጣ ዐለት፣ ሰንሰለትና ድንጋይ ላይ የተተከለ ብረት አለ፤ ከሥሩም ገደል ነው። ደግሞ ወደ ላይ የወጡትን ዐለት መውረድ የባሰ ይከብዳል፤ ስትወርጂ እግርሽ የሚያርፍበት አይታይሽም። ገደል የሚፈራ ሰው እዚያ ደርሶ ሲደነግጥ ወደፊትም ወደ ኋላም መሄድ ያቅተዋል።

ፕላተክሊፕ ከጣቢያው አይነሳም። በታፈልበርግ መንገድ ጣቢያውን አልፋችሁ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ በስተቀኝ ምልክቱን ታገኛላችሁ። ከዚያ እስከ አናቱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን በዚህች አጭር መንገድ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣላችሁ። እንጦጦን የለመደ ሰው የተራራው ከፍታ 1,086 ሜትር ነው ሲባል ይንቀዋል። እርግጥ ነው፣ አየሩ አይሳሳም፣ ትንፋሽም አያጥርም። የሚያደክመው እየተጠማዘዘ የሚወጣው የድንጋይ ደረጃ ነው፤ አንዳንዱ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ረጅሙን ደረጃ ባንድ እርምጃ አትውጡት፤ ከጎኑ ትንሽ ድንጋይ ካለ በእሱ ተረማመዱ። የእናትሽ ጉልበት የሚተርፈው እንዲህ ነው። እሳቸው ከፊት ይሁኑ፣ ሌላው በእሳቸው እርምጃ ይከተል። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያዙለት።

ፀሐዩ እውነት ነው። በዚህ አገር የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ፕላተክሊፕ ደግሞ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ረፋዱ ላይ ድንጋዩ ራሱ ሙቀት መልሶ ይተፋል። ስለዚህ በዲሴምበር ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት እግራችሁ መንገዱ ላይ ይሁን (በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ስልካችሁ ላይ 06፡00 ማለት ነው)። ያን ጊዜ ፀሐይ ወጥታለች፤ 3 ሰዓት ላይ አናቱ ላይ ናችሁ።

ውሃ ለአዋቂ ቢያንስ 2 ሊትር፣ ለልጁ 1.5 ሊትር። ታች የምትሻገሩት ጅረት በበጋ ይሳሳልና አትመኩበት። ቀለሙ እንደ ሻይ ቢጠቁር ግን አትደንግጡ፤ ከአካባቢው ቁጥቋጦ የሚወጣው ነገር ነው የሚያቀልመው። ጨው ያለው ነገር፣ ቆሎም ቢሆን፣ ያዙ፤ ውሃ ብቻ እየጠጣ የሚያልበው ሰው እግሩን ቁርጠት ሊይዘው ይችላል።

ጫፉ ላይ ሸለቆው ይጠብና ጥላ ታገኛላችሁ። ከዚያ ስትወጡ በስተቀኝ ወደ ኬብል ካሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። በስተግራ ወደ ማክሊርስ ቢከን፣ ማለትም ወደ ተራራው ከፍተኛ ቦታ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ግራ የምትሄዱት ሰማዩ ጥርት ካለና ውሃችሁ ከግማሽ በላይ ካለ ብቻ ነው።

ደቡብ_ምሥራቅ

ባለከዘራ ስለ መውጫው ጨርሶታል። እኔ ስለ መውረጃው ልጨምር፤ ሰው የሚቸገረው እዚያ ነውና።

ኬብል ካሩን እንደ ዕድል እንጂ እንደ ዕቅድ አትያዙት። በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሲበረታ አገልግሎቱ ይቆማል፤ ጠዋት ክፍት ነበር ማለት ከሰዓት በኋላም ክፍት ነው ማለት አይደለም። ሊቆም ሲል አናቱ ላይ ሳይረን ይነፋል። ያን ድምፅ ከሰማችሁ ፎቶውን ትታችሁ ወዲያው ወደ ጣቢያው ሂዱ፤ ሰልፉ በደቂቃዎች ውስጥ ይረዝማል። የመውረጃ ብቻ ትኬት ይሸጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን በድረ ገጻቸው እዩ፤ ማታም ጠዋትም።

ነፋሱ ከባሕር ያመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፤ በከተማው በኩል ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ሞቆ ይበተናል። ለዚህ ነው ከታች ስታዪው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ የሚመስለው። ከከተማ ሲታይ ጸጥ ያለ ነው፤ ውስጡ ግን ጥቂት እርምጃ የማያሳይ ጉም፣ ሰው የሚያንገዳግድ ነፋስና ብርድ አለ። ታች 30 ዲግሪ ሆኖ ላይ ሰው የሚንቀጠቀጠው በዚህ ነው። ጠዋት ከአናቱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ ነገር መፍሰስ ከጀመረ አትውጡ። እያንዳንዳችሁ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ያዙ፤ ልጁም ጭምር።

አናቱ ላይ ጉም ከያዛችሁ አቋራጭ አትፈልጉ። ከአናቱ ቁልቁል የሚታዩት ሸለቆዎች መንገድ ይመስሉና ገደል ላይ ያበቃሉ። በወጣችሁበት በፕላተክሊፕ ተመለሱ። ለዚህም ከ1.5 እስከ 2 ሰዓት ብርሃን መትረፍ አለበት። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 2 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ጊዜ አታጡም፤ በጁን ግን ከ12 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። የእጅ ባትሪ በሁለቱም ወራት ያዙ። የስልክ መብራት መንገድ ሲያሳይ ቻርጁን ይጨርሳል፣ ስልኩ ደግሞ ለእርዳታ ጥሪ ነው የሚያስፈልገው።

ጥላ_ፈላጊ

በፕላተክሊፕ እስማማለሁ፤ ግን ስኬልተን ጎርጅን እንዲሁ «ተዉት» ማለት አልወድም፤ ከሁሉም የሚያምረው መንገድ እሱ ነው። ከከርስተንቦሽ የአትክልት ሥፍራ ይነሳል (መግቢያ ይከፈላል)፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ነው የሚወጣው። ችግሩ ከመካከሉ በኋላ መንገዱ ራሱ የጅረቱ ወለል መሆኑ ነው። የእንጨት መሰላሎች አሉ፤ ከዚያ በላይ እርጥብ ድንጋይ ላይ በእጅም በእግርም ነው። የዚህ ተራራ ድንጋይ ሲደርቅ ጫማ ይይዛል፤ የድንጋይ ሽበት ይዞ ሲረጥብ ግን ያንሸራትታል፣ እዚያ ደግሞ ጥላው ስለማይለቀው ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ዝናብ በጣለ ማግሥት አይወጣም፤ በደረቅ ቀንም ቢሆን አይወረድበትም። የወጣ ሰው ነርሰሪ ራቪን በሚባለው ሌላ መንገድ ይወርዳል።

ለእናትሽ ጉልበት ደረጃው ካሰጋሽ ሌላ አማራጭ አለ፦ ከኮንስታንሺያ ኔክ የሚነሳው የመኪና መንገድ። ሰፊ ነው፣ እጅ የሚያስይዝ ቦታ የለውም፣ ገደል ጫፍም አያስኬድም። ከ2 እስከ 2.5 ሰዓት ወጥታችሁ ተራራው ላይ ከተሠሩት የድሮ ግድቦች ትደርሳላችሁ፤ ዉድሄድ በ1897 የተጠናቀቀ፣ ሄሊ ሃቺንሰን በ1904። ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራው የዉድሄድ ግድብ ብቻውን መንገዱን ያስክሳል። በዚያው መንገድ ትመለሳላችሁ፤ የኬብል ካር ጭንቀት የለም። እውነቱን ለመናገር ዕይታው እንደ ፕላተክሊፕ ከተማውን ከእግር በታች አያደርገውም።

አጠገቡ ያለውን ላየንስ ሄድ የሚባለውን ተራራ አንስተሽ አልጠየቅሽም፤ አንድ ሰው «669 ሜትር ብቻ ነው» ማለቱ ግን አይቀርም። ጫፉ አካባቢ ሰንሰለት አለ። ሰንሰለቱን የሚያስቀረው ዙሪያ መንገድም ቢሆን መሰላልና በእጅ የሚያዝ ዐለት ያጋጥመዋል። ገደል ለሚፈራ አይሆንም።

ሚሚ_ቤልቪል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ፕላተክሊፕን ይዘናል። ሁለት ነገር ብቻ፦ ስለ ዘረፋና ስለ እባብ ምን ትላላችሁ? ደግሞ በዚያ ቀን ጠዋት ደመናው ከመጣ የት እንሂድ?

ባለከዘራ

ዘረፋ አለ፤ አልደብቅሽም። ስድስት መሆናችሁ ጥሩ ነው፤ ከአራት በታች አትሁኑ። አትበታተኑ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓትና መንገድ ሂዱ፣ ስልክ በእጅ ይዞ መሄድ ይቅር። መኪናው ውስጥ ምንም የሚታይ ዕቃ አትተዉ። የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሩ። ከሞባይል 112 ያለ ሂሳብም ይደወላል፤ የተራራ ነፍስ አድን ጥሪ 021 937 0300 ነው። ስትደውሉ መጀመሪያ የመንገዱን ስም፣ ከዚያ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ተናገሩ።

እባብን በተመለከተ፣ አብዛኛው የእግር ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል። እፉኝት ግን አይሸሽም፤ ፀሐይ ሊሞቅ መንገድ መሃል ተኝቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ልጁ ከፊት አይሩጥ፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ አይደረግ፣ ድንጋይ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ከኋላው ይታይ። ላይ ሽኮኮዎች ቀርበው ምግብ ይጠይቋችኋል፤ ያሳዝናሉ፣ ግን አትስጧቸው፣ ይናከሳሉ።

ጥላ_ፈላጊ

ደመናው ከመጣ ፓይፕ ትራክ በሚባለው መንገድ ሂዱ። ከክሉፍ ኔክ ይነሳል፤ መነሻው የታፈልበርግ መንገድ ከሚገነጠልበት ትይዩ ነው፣ መኪናችሁን እዚያው አቁሙ። ድሮ ለውሃ ቧንቧ የተሠራ ስለሆነ ከመጀመሪያው ደረጃ በኋላ ብዙ ሽቅብ የለውም። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉት ጫፎች በስተግራችሁ፣ ካምፕስ ቤይና ባሕሩ በስተቀኛችሁ ይሆናሉ። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ እስከ ረፋዱ ድረስ ተራራው ራሱ ጥላ ይሰጣችኋል። ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው መሄድ ግዴታ አይደለም፣ አንድ ሰዓት ሄዳችሁ ብትመለሱ ይበቃል። በስተግራ ሽቅብ የሚገነጠሉ መንገዶች ያጋጥሟችኋል፤ ወደ አናቱ የሚወስዱ ናቸውና በዚያን ቀን አትያዟቸው። ነፋሱ እዚያም ከሸለቆዎቹ አፍ ላይ በድንገት ይመታል፤ ኮፍያችሁ ማሰሪያ ይኑረው።