ካርቶን ተከሳሽ የሚሆነው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካን የምግብ ሕግ ሳጠና «ዩናይትድ ስቴትስ በ1,500 ካርቶን የቲማቲም ድልህ ላይ» የሚል የ1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የይግባኝ ፍርድ አገኘሁ። ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ተከሳሹ ግን ካርቶን ነው። ባለቤቱ ሳይከሰስ ንብረቱ እንዴት ይወረሳል? ድልሁን በልቶ የታመመ ሰው ከሌለስ፣ መበላሸቱ በምን ይረጋገጣል?

ምላሽ 1፦ የመያዝ ክስ የሚመሠረተው በዕቃው ላይ በመሆኑ ባለቤቱ አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም የሚለው አይመረመርም፤ ያ የወንጀል ችሎት ጉዳይ ነው። መንግሥት ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቤቱታ ያቀርባል፣ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ የሚያስፈጽመው የፌዴራል መኮንን (ማርሻሉ) መጋዘን ሄዶ ዕቃውን ይይዛል፣ ባለቤት ነኝ የሚል ካለ ቀርቦ ይከራከራል፤ የቀረበ ከሌለ በሌለበት ይፈረዳል። ለጥቂት ካርቶን ጠበቃ ማቆም ስለማያዋጣ ዝም የሚል ነጋዴ መኖሩ አያስገርምም። ሥርዓቱ ለምግብ የመጣው በ1906ቱ የፌዴራል የምግብና የመድኃኒት ሕግ ሲሆን፣ በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሴንት ሉዊስ ወደ ፒዮሪያ በተላኩ 50 ጣሳ እንቁላሎች ጉዳይ አጽንቶታል። ባለቤቱ «ዕቃው ዳቦ ቤት ደርሶ ጉዞው አብቅቷል» ቢልም አልተሰማለትም።

ምላሽ 2፦ የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ነኝ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። በሥራ ላይ ያለው የ1938ቱ የፌዴራል የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ ቆሻሻ፣ የበሰበሰ ወይም የፈረሰ ነገር ያለበትን ምግብ፣ ሰው ባይጎዳም እንኳ፣ የተበከለ ይለዋል። ድልህ ሲፈላ ሻጋታው ይሞታል፤ ሽታውም ጣዕሙም ላያጋልጠው ይችላል። የሻጋታው ክሮች ግን በሙቀት አይጠፉም፤ ስለዚህ መርማሪው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ዘርግቶ፣ ከሚያያቸው መስኮች (በሌንሱ በአንድ ጊዜ ከሚታዩ ቦታዎች) በስንቱ ውስጥ ክር እንዳለ ይቆጥራል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋብሪካው የበሰበሰ ቲማቲም ሳይለይ ፈጭቷል ማለት ነው። በእኔ እምነት ጣሳው አብጧል ብሎ ከመያዝ ይህ ይበልጥ ያሳምናል፤ የበሰበሰ ቲማቲም የተፈጨበት ጣሳ ከውጭ ሲታይ እንከን ላይኖረው ይችላልና።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቱ መጥፎውን ድልህ ከጥሩው ጋር ቀላቅሎ ቁጥሩን ቢያወርደውስ?

ምላሽ 2፦ አይፈቀድም። ጉድለቱ ከሚፈቀደው መጠን ያለፈ ምግብ ከንጹሕ ጋር ሲቀላቀል፣ የመጨረሻው ቁጥር ዝቅ ቢልም ድብልቁ በሙሉ ሕገ ወጥ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ የተያዘው ዕቃ በዋስትና እንዲስተካከል ሊፈቅድ የሚችለው፣ ለምሳሌ መጥፎውን ጣሳ ከደህናው መለየት ለሚችል ባለቤት ነው፤ የተፈጨ ድልህ ውስጥ ደግሞ የሚለይ ነገር የለም።

ምላሽ 3፦ ከውጭ የሚያስመጡ ነጋዴዎች አንድ ልዩነት ቢያውቁ መልካም ነው። ዕቃው ገና ወደብ ላይ እያለ ጉድለት ከታየበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ክስ ሳይኬድ እንዳይገባ ይከለከላል፤ ባለቤቱም በ90 ቀን ውስጥ ከአገር ያስወጣዋል ወይም ይወገዳል።