የቆዩ ካሴቶች በሕዝብ ገንዘብ ይሰብሰቡ ወይስ ቅጂያቸው ይበቃል? የጅማ የሙዚቃ ወዳጆች ክርክር

አወያይ፦ በከተማችን በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ ተከምረው የቀሩ ካሴቶችና ሸክላዎች ተሰብስበው፣ እንደ አባ ጅፋር ዘመን ቅርሶች ቋሚ ክፍልና ጠባቂ ሊኖራቸው ይገባል የሚል ሐሳብ ባለፈው ሳምንት ቀርቦ ነበር። ድምፁ ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጠ ዕቃው ቢጣል የሚጎድል ነገር የለም ያሉም አሉ። ወጪው ከሕዝብ ኪስ የሚወጣ በመሆኑ ሁላችሁም ምክንያታችሁን ዘርዝራችሁ እንድታቀርቡ አሳስባለሁ።

የፈረንጅ አራዳው፦ እኔ ይሰብሰቡ ከሚሉት ወገን ነኝ። አንድ ዘፈን ዛሬ በቴሌግራም ሲደርሰን የዘፋኙ ስም እንኳ በትክክል ተጽፎ ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው፣ አሳታሚው የትኛው ሙዚቃ ቤት እንደሆነ የሚነግረን በካሴቱ ልባስ ውስጥ ታጥፎ የሚገባው ወረቀት ነበር። ይህ ወረቀት ሲጠፋ ሙዚቃው አባት አልባ ይሆናል። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመውን የኃይሉ መርጊያን የአኮርዲዮን ካሴት አስታውሱ። አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴቱን ባያገኘው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ታትሞ ዓለም አይሰማውም፣ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር የነበረው ባለሙያም ወደ መድረክ የሚመለስበት መንገድ አይከፈትለትም ነበር። ያ ካሴት «አሮጌ ነው» ተብሎ ተጥሎ ቢሆንስ?

የመርካቶው ነጋዴ፦ ወንድሜ፣ ምሳሌህ የሚያግዘው እኔን ነው። ካሴቱ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት ተቀምጦ ማንም አልሰማውም፤ ሰው የሰማው ከተገለበጠና በኢንተርኔት ከተሰራጨ በኋላ ነው። ደግሞም ካሴት ምን ዓይነት ዕቃ እንደነበረ አንርሳ። ቴፑ ክሩን ይበላዋል፣ ኮፒ የኮፒ ኮፒ ሆኖ ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል፣ ባትሪ ሲደክም ደግሞ የጥላሁን ድምፅ እንኳ ይጎተት ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ሸክላ 41 ሚሊዮን፣ ሲዲ 33 ሚሊዮን ተሸጠ እያላችሁ ብዙ ጊዜ ትነግሩናላችሁ። እዚያ ገዢው በገዛ ገንዘቡ የገዛው ጌጥ ነው፤ እኛ ግን የምንነጋገረው ስለ ሕዝብ በጀት ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችሁ የምትናፍቁት ወጣትነታችሁን ነውና እሱን ደግሞ የትኛውም ማዘጋጃ ቤት ሊመልስላችሁ አይችልም።

የቴፕ ጠጋኙ፦ ሁለታችሁም ካሴቱ እንዳለ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ አድርጋችሁ ትናገራላችሁ። እኔ ከፍቼ ስለማየው ያየሁትን ልናገር። ክሩ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ድምፁን የያዘው በላዩ በሙጫ የተለጠፈው የብረት ብናኝ ነው። ያ ሙጫ እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልስና ክሩ ከራሱ ጋር ይጣበቃል፤ ሲጫወት ቡናማ ዱቄት ሄዱ (ድምፁን ከክሩ የሚያነበው የቴፑ ክፍል) ላይ ይቀራል፣ የቀረው ዱቄት ደግሞ የተቀዳው ድምፅ ራሱ ነው። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ስለሆነች፣ ክረምቱን ግድግዳ ተጠግቶ የከረመ ካሴት በራሱ ትንሽ መስኮት በኩል ብታዩት በጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ታገኛላችሁ። ክሩን ከሄዱ ጋር የሚያገናኘው ትንሿ ስፖንጅም ትወድቃለች፤ ሰውም ዘፈኑ የጠፋ መስሎት ካሴቱን ይጥለዋል፤ ስፖንጇን ከሌላ ካሴት አውጥቶ መተካት ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብሎ አዙሮ ማላላት፣ አምስቱን ቡሎን ፈትቶ ክሩን ወደ ጤነኛ ልባስ ማዛወር፣ ሄዱን በአልኮል መጥረግ፣ ይህን ሁሉ ማድረግ ይቻላል። ችግሩ ጎማው ያልላላ፣ ፍጥነቱ ያልተዛባ ቴፕ ማግኘት ነው፤ መለዋወጫውም የሚገኘው ከሞተ ቴፕ ላይ ተፈትቶ ነው። ስለዚህ ነጋዴው «ይገለበጥ» ሲሉ ልክ ናቸው፤ ሆኖም አንድ ጊዜ በመጥፎ ቴፕ ተገልብጦ ዋናው ከተጣለ ያ መጥፎ ቅጂ ለዘለዓለም ዋናው ሆኖ ይቀራል።

የሕግ ተማሪዋ፦ ጋሼ ያሉትን ተቀብዬ አንድ ነገር ልጨምር። በቅጂና በተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የአምሃ እሸቴ ማሳተሚያ ያወጣቸው ሸክላዎች ሳይቀሩ፣ «አሮጌ ናቸው» በሚል ብቻ በዩቲዩብ የሚለቀቁ አይደሉም። አዋጁ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት በተወሰነ ሁኔታ ለጥበቃ የሚሆን ቅጂ እንዲያዘጋጁ ይፈቅዳል፤ ይህም ሥራው በግለሰብ ስልክ ሳይሆን በተቋም ቢሠራ የተሻለ መሆኑን ያሳያል።

የፈረንጅ አራዳው፦ ታዲያ ተቋም ካስፈለገ ክፍልም ያስፈልጋል ማለት ነው፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የመርካቶው ነጋዴ፦ ክፍሉን ከማሳደስና መደርደሪያ ከማሠራት በፊት የሚሰበሰበው ምን እንደሆነ ይነገረኝ። የታወቁ ዘፋኞች ሥራ በየስልካችን ሞልቷል። አሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ በዚያው ቀን ከየአቅጣጫው የተለቀቁት ዘፈኖቹ ካሴት ከፍቶ የሰማ ሰው አላስፈለጋቸውም።

የቴፕ ጠጋኙ፦ ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የአሊ ቢራ ካሴት በሺህ የሚቆጠር እህትማማች ስላለው አንዱ ጅማ ውስጥ ቢሻግት ዘፈኑ አይሞትም። እኔ ዘንድ ለጥገና ከሚመጣው ውስጥ የሚያሳስበኝ ግን በሙዚቃ ቤት ያልታተመው ነው። በሰርግ ላይ በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ የኦሮምኛ ዘፈን፣ አሁን በሕይወት የሌለ የሠፈር ክራር ተጫዋች፣ በባዶ ካሴት ላይ ስሙ በእስክሪብቶ የተጻፈ የመንዙማ ቀረጻ፤ እነዚህ በዓለም ላይ ያላቸው ቅጂ ያ አንዱ ካሴት ብቻ ነው። ከዚህ ይጀመር እላለሁ። መጀመሪያ የሚገዛውም መደርደሪያ ሳይሆን ሁለት ጤነኛ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) ነው፤ ወረቀቱም ከነጽሑፉ ፎቶ ይነሣ።

የሕግ ተማሪዋ፦ የሰርግ ቀረጻ ከሆነ የቤተሰቡ ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። ማንም ሰው የእናቱ ልቅሶና ምርቃት ያለበትን ካሴት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ላይፈልግ ይችላል።

የመርካቶው ነጋዴ፦ በዚህ ልክ ከተወሰነ የዴኮቹን ግዢ አልቃወምም፤ እንዲያውም ሱቄ ጓዳ ውስጥ ያለውን አንድ ካርቶን ጋሼ ይዩት። ከተገለበጠ በኋላ ካሴቱን ለማስቀመጥ በየወሩ የቤት ኪራይና የዘበኛ ደመወዝ መክፈልን ግን አሁንም እቃወማለሁ፤ ካሴቱ ወደ ባለቤቱ ይመለስ።

የፈረንጅ አራዳው፦ ባለቤቱ ዘንድ ተመልሶ ዳግም ግድግዳ ተጠግቶ ሊከርም ነው? ጋሼ ራሳቸው ዋናው አይጣል ብለዋልና በዚህ ነጥብ ላይ ከእርስዎ ጋር አልስማማም።

አወያይ፦ የዴኮቹ ጉዳይ ተቃውሞ ስላልቀረበበት በጽሑፍ ይዘጋጅ። የክፍሉ ጉዳይ በሚመጣው ሳምንት ይቀጥላል፤ ያኔ የኪራዩን ዋጋ አጣርቶ የሚያመጣ ሰው ካለ ከወዲሁ ያሳውቀኝ።