ጥቆማ፦ ከልጆች ጋር የአጃ ኩኪስ ለመጋገር፣ አጃውን ከየት? ኦቨኑስ የቱ ይሻላል?

የመንትዮች እናት፦
ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። መንትዮቼ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገቡ፤ የመክሰሱ ነገር ግን አቅሌን አሳተኝ። የሱቅ ብስኩት ከያዙ ምሳቸውን ሳይነኩት ይመልሱታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን የአጃ ኩኪስ ጋግረን፣ ለሳምንቱ ምሳ ዕቃቸው ውስጥ ላደርግላቸው አሰብኩ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለኩኪስ የሚሆን አጃ ከየት ትገዛላችሁ፣ ከገበያ ነው ወይስ የታሸገውን ከሱፐርማርኬት? ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ኦቨን ያላችሁስ የቱን ትመክሩኛላችሁ? በጀቴ ጠበብ ያለ ነው። ደግሞ ትምህርት ቤታቸው ኦቾሎኒ ከልክሏል፤ ክፍላቸው ውስጥ አለርጂ ያለበት ልጅ አለ።

የሾላ ደንበኛ፦
ሾላ ገበያ ሂጂ፣ ሌላ ቦታ አትድከሚ። አሥር ዓመት ሙሉ ከአንዲት እትዬ ነው የምገዛው። አጃዋ ተለቅሞ፣ ተበጥሮ፣ ወለል ብሎ ነው የሚጠብቅሽ። እኔ ለካርቶን ብር አልከፍልም።

ጣፋጭ እጅ፦
እትዬ ይክበሩልን፤ ግን የገበያው አጃ የተከካ ነው። ለቅንጬና ለአጥሚት እሰየው ነው፣ ኩኪስ ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ጠጠር ይቆረጠማል። ለኩኪስ የሚሆነው በእንፋሎት ለስልሶ በማሽን የተዳመጠው ጠፍጣፋው አጃ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በአንድ ደቂቃ የሚደርሰው ደቃቁ ነው፤ ሊጥ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ሰፋ ሰፋ ያለውን ፈልጊ። ባለ ቆርቆሮውም ባለ ላስቲኩም ያው ነው፣ ብቻ የማብቂያ ቀኑን እይ።

የሾላ ደንበኛ፦
የእትዬን አጃ በልቶ ጥርሱ የወለቀ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የባቢሌ ልጅ፦
እህቴ፣ አጃውን ተይውና የኦቾሎኒ ቅቤ ጨምሪበት። የባቢሌ ኦቾሎኒ ቆልተሽ ብታስፈጪው ልጆቹ ጣታቸውን ነው የሚልሱት።

የመንትዮች እናት፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን ኦቾሎኒ ተከልክሏል ብያለሁ እኮ።

ሁለተኛ አይለምደኝም፦
ኦቨን የሚለውን ሳይ ቁስሌ ተነካ። አምና ለገና ብዬ አንዱ ሱቅ ትንሽ ኦቨን ገዛሁ፤ ስሙን አልጠራም። የአንድ ዓመት ዋስትና አለው ብለው ማኅተም መቱልኝ። በሦስተኛው ቀን የሙቀት መቆጣጠሪያው አልዞር አለ። 180 ላይ ተጣብቆ ቀረ ብል ደግ ነበር፤ ጭራሽ እስከ መጨረሻው እየጋለ ኬኬን ከሰል አደረገው። ይዤ ስመለስ ልጁ ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና «መብራት ነው የመታው፣ ዋስትና መብራትን አይጨምርም» አለኝ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን ጭራሽ ልጁም ተቀይሮ ጠበቀኝ። አሁን ኦቨኑ ሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል።

ባለ ኮንዶሚኒየሟ፦
እኔም! እኔም! የኔ ደግሞ መስታወቱ ነው የረገፈው።

የሦስት ልጆች አባት፦
እኔ ፍሪጅ ላይ ነው እንዲህ የተጫወቱብኝ። ዋስትና ማለት እዚህ አገር ማኅተሙ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ባለ ኮንዶሚኒየሟ፦
ስለ ፍሪጅ ከተነሳ፣ የፍሪጅ ላስቲክ የሚቀይር ጥሩ ባለሙያ የምታውቁ አላችሁ? መገናኛ አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የሦስት ልጆች አባት፦
አለ፣ በውስጥ መስመር ስልኩን ልላክልሽ።

መብራት ሠራተኛ፦
ወደ ኦቨኑ ልመልሳችሁ። 1,500 ዋት የሚል ኦቨን በ220 ቮልት ወደ 7 አምፒር ይስባል። እናንተ ደግሞ በቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር ትሰኩታላችሁ። ገመዱ ቀልጦ ያየሁበት ቤት ብዙ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ላይ ለብቻው ይሰካ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ኦቨኑ ተነቅሎ ይቆይ። ከመግዛትሽ በፊት እዛው ሱቁ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አስለኩሽውና መቆጣጠሪያው ሙቀቱ ሲሞላ ቀጭ ብሎ መጥፋቱን አረጋግጪ። አላስለኩስም ካለሽ ጥለሽ ውጪ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ውይ ሀበሻ፣ እዚህ እኮ አጃ ርካሽ ነው። በየክረምቱ ስመጣ አራት ትልልቅ ቆርቆሮ ለእህቴ በሻንጣ ይዤላት ነው የምመጣው።

ዝም ብዬ አላልፍም፦
ገባኝ። አጃው ከአሜሪካ በሻንጣ ይመጣል፣ ኦቨኑ ሽንኩርት ይይዛል፣ ፍሪጁ ላስቲክ ይቀየርለታል፤ ልጆቹ ኩኪስ የሚበሉት ማትሪክ ሲወስዱ ነው። እህቴ፣ ሽምብራ ቆሎ ቋጥሪላቸው።

የልጅ ልጅ አሳዳጊ፦
ልጄ፣ ኦቨን ለምን ትገዣለሽ? እኛ ብስኩት በትሪ ደርድረን ሰፈራችን ዳቦ ቤት ነበር የምንወስደው። ፈርኖው ከሥራ ሲያርፍ ያስገቡልናል፣ ጥቂት ሳንቲም እንሰጣለን። አሁንም ብትጠይቂ እምቢ የማይል አለ። እቤት ይሁን ካልሽ ደግሞ ወፍራም ድስት ላይ ጨው አንጥፊና እሳት ላይ አግለሽ፣ በላዩ የተገለበጠ የቆርቆሮ ክዳን አድርጊ፣ ትንሿን ትሪ እዛ ላይ ታስቀምጫለሽ፤ ክደኚው። ስድስት ስድስት እያልሽ ይደርሳል። ለልጆቹም የሚያዩት ነገር ይሆናል። ብቻ ድስቱን አንቺው ያዢው፣ እነሱን አታስነኪ።

የመንትዮች እናት፦
እማዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

ሁለተኛ አይለምደኝም፦
ዳቦ ቤት ግን ትሪሽን ይለውጡብሻል፣ ስምሽን ጻፊበት።

ጣፋጭ እጅ፦
አሠራሩን ማንም ስላልጻፈላት ልጻፍ። 125 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ማለትም የባለ 250ው ግማሽ፣ ከግማሽ ኩባያ ስኳር ጋር እስኪነጣ ይመታል። አንድ እንቁላል ይገባል። ከዚያ አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ተኩል ኩባያ አጃ፣ ቀረፋ፣ ቁንጥር ጨው፣ ዘቢብ። ቤኪንግ ሶዳው ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አሠራሮች ግማሽ፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ይላሉ፤ እሱ ዝቅ ያለ አገር ለሚኖር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይጠነክር ይተኛል። ኩኪሱ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ቂጣ ይዘረጋል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ትሪዎች የጣልኩት በዚህ ነው። አሁንም ከተዘረጋባችሁ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ጨምሩ። ሊጡን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት። 180 ላይ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ አልበሰለም ብላችሁ አትመልሱት፣ ትሪው ላይ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ይጠነክራል። ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባው ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው፣ አለዚያ ክዳኑ ያልበውና በማግስቱ ጨርቅ ይሆናል።

ለልጆቹ ሥራ ስጫቸው። የኔዋ ድብልብሉን በአውራ ጣቷ ነው የምትጫነው፤ ጥፍሯ ሳይቀር ሊጡ ላይ ይታተማል። ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት «ይሄ የኔ ጣት ነው» እያለች ነው የምትበላው። ወንድሟ ደግሞ ዘቢብ ይቆጥራል። ለራሱ አምስት፣ ለሷ አራት። በየሳምንቱ ጠብ ነው።

ጾም አላፈርስም፦
የጾሙንስ?

ጣፋጭ እጅ፦
ቅቤና እንቁላሉ ይወጣል፣ ሁለት በደንብ የበሰለ ሙዝና ግማሽ ኩባያ ዘይት ይገባል። ሙዙን መፍጨት ለአራት ዓመት ልጅ ምርጥ ሥራ ነው። ብቻ እንደ ፍስኩ አይቆረጠምም፣ ለስለስ ይላል። በሁለት ቀን ይበላ።

ባለ ሱቅ፦
ኦቨን በሁሉም ዓይነት አለን። ለዋጋ በውስጥ መስመር አናግሩን።

ሁለተኛ አይለምደኝም፦
ዋስትናችሁ መብራትን ይጨምራል?

(ባለ ሱቅ አልመለሰም።)

ትሪ ላይ ልጨምር፦
ትሪውን ከሱቅ አትግዢ። ምን አለሽ ተራ ኦቨንሽን ለክተሽ ሂጂ፣ በልኩ ቀጥቅጠው ይሰጡሻል። ጠርዙ ስለታም እንዳይሆን እንዲያጥፉልሽ ንገሪያቸው፣ ልጆች አሉ።

የሾላ ደንበኛ፦
ዛሬ እትዬ ጋ ሄጄ ነበር። የተዳመጠ አጃ አላት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የላትም። ግን አጃዋን እቤት በምጣድ አመስ አድርገሽ፣ ሌሊቱን በወተት ብትዘፈዝፊው ይሠራል ብላለች። አላልኳችሁም?

ዝም ብዬ አላልፍም፦
እንግዲህ እትዬ አሸነፉ።

የመንትዮች እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጋገርን። ግማሹ ሊጥ ጥሬውን ነው የተበላው፣ እንቁላል አለው ብዬ ብጮህም የሚሰማኝ አጣሁ። አሥራ አራት ተረፈ፣ እሱም እሑድ ማታ አለቀ። ለሰኞ ዳቦ በማርማላታ ነው የያዙት።

ባለ ኮንዶሚኒየሟ፦
ታዲያ በመጨረሻ በምን ጋገርሽው? ኦቨን ገዛሽ ወይስ ድስት? አጃውንስ ከየት አመጣሽ?

የባቢሌ ልጅ፦
ከዳቦው ጋር ከማርማላታ ይልቅ የኦቾሎኒ ቅቤ ይሻል ነበር።