የእስራኤል ሕዝብ ወረተኛ ነበርን?

ወለተ ሚካኤል፦ ባለፈው እሑድ አንድ ሰባኪ የአቤሴሎምን ዓመፅ ሲያስተምሩ፣ «ሕዝብ ወረተኛ ነው፤ ዳዊትን ያነገሠው ሕዝብ ለልጁም መለከት ነፋ» ብለው ማለፋቸው አሳዝኖኛል። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 እንደምናነበው፣ አቤሴሎም በማለዳ በበሩ መንገድ ዳር ቆሞ ያነጋግራቸው የነበሩት ከንጉሡ ፍርድ የሚሹ ባለጉዳዮች ናቸው። የሚሰማችሁ የለም ሲላቸው፣ ሐሰት ነው ብሎ የመለሰለት ሹም በታሪኩ ውስጥ አይገኝም። ፍርድ የተነፈገ ሰው ፊቱን ቢያዞር ወረተኛ ይባላልን?

ባለ በገናው፦ እኅቴ፣ ዙፋን የሚመኝ ሰው የተናገረውን እንደ ምስክርነት መቀበል አይገባም። ዳዊት ለሕዝቡ ሁሉ ፍርድንና ጽድቅን ያደርግ እንደነበር ምዕራፍ 8 ይናገራል። ሕዝቡማ በራሱ አፍ መስክሯል፤ አቤሴሎም ከሞተ በኋላ ነገዶቹ ሲከራከሩ፣ ከፍልስጥኤማውያን ያዳነን ዳዊት ነው፣ የቀባነው አቤሴሎም ሞቷል፣ ንጉሡን ስለ መመለስ ለምን ዝም እንላለን አሉ። የዳዊት ውለታ የታወሳቸው ሌላው ሲሞት ነው። ወረት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

የጉባኤው ልጅ፦ ሁለታችሁም «ሕዝብ» ስትሉ አንድ አካል ታስመስሉታላችሁ። ዳዊት ካህናቱን ሳዶቅንና አብያታርን የላከው ወደ ራሱ ነገድ፣ ወደ ይሁዳ ሽማግሌዎች ነው፤ የአቤሴሎም የጦር አለቃ የነበረውን አሜሳይን በራሱ የጦር አለቃ በኢዮአብ ፋንታ እንደሚሾመው ምሎ የይሁዳን ልብ አዘነበለ። የእስራኤል ሰዎች በንጉሡ አሥር ክፍል እያለን ለምን ናቃችሁን ብለው ከይሁዳ ጋር የተጣሉት፣ የቢክሪ ልጅ ሳቤዔ በዳዊት ላይ ለማመፅ መለከት ሲነፋም የተከተሉት ከዚህ በኋላ ነው።

ወለተ ሚካኤል፦ እንግዲህ ያንኑ የሳቤዔን ጩኸት፣ በዳዊት ዘንድ ድርሻ የለንም የሚለውን፣ በሴኬም በሰሎሞን ልጅ በሮብዓም ፊት ሕዝቡ ሲደግመው እናገኘዋለን፤ ያውም ቀንበራችንን አቅልልልን ብለው ለምነው የባሰ እንደሚጠብቃቸው ከተነገራቸው በኋላ። ከዳዊት እስከ ልጅ ልጁ የዘለቀ ቅሬታ እንዴት ወረት ይባላል?

ባለ በገናው፦ ቅሬታ ካልሽማ ዳዊት ከአቤሴሎም ሲሸሽ አብሮት የነበረው የጌት ሰው ኢታይ ከሁሉ የበለጠ ምክንያት ነበረው። ባዕድ ነው፣ ስደተኛ ነው፣ ንጉሡም ራሱ ተመለስ ብሎታል፤ እርሱ ግን በሞትም በሕይወትም ካንተ አልለይም ብሎ ከሰዎቹ ጋር ተሻገረ። በሽሽቱ ጊዜ ዳዊትን ድንጋይ እየወረወረ የሰደበው ሳሚ ደግሞ በድሉ ቀን ከዮሴፍ ቤት ሁሉ ቀድሞ ሊቀበለው ወረደ።

የጉባኤው ልጅ፦ ሳሚ ከዳዊት በፊት የነገሠው የሳኦል ወገን ነው፤ ያወረደው የነፍሱ ፍርሃት እንጂ የልብ መለወጥ አይደለም። በፍርሃት የሰገደን ሰው ለወረተኛነት ምሳሌ ማድረግ ሰባኪው የሠሩትን ስሕተት መድገም ነው።

ባለ በገናው፦ ፍርሃቱንማ አልክድም፤ አሥሩ ነገዶች ግን ማንን ፈርተው አቤሴሎምን ቀቡ?