አሜሪካ ወደ ቀኝ ባታዘም ኖሮስ? አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብትባሉ የቱን ትቀይራላችሁ?

የአዲሱ ገበያ ልጅ
ሰላም ሰዎች። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬ ላይ 12 ፐርሰንት ቻርጅ ቀርታኝ ስለ አሜሪካ ምርጫ ሳነብ አመሸሁና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

በ1964 ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ወግ አጥባቂውን ሪፐብሊካን ባሪ ጎልድዋተርን በ61 በመቶ ድምፅ ዘረረው። ጎልድዋተር ያገኘው 6 ግዛት ብቻ ነው፣ አንዷ ደግሞ የራሱ አሪዞና ናት። ወግ አጥባቂዎቹ አበቃላቸው ተባለ። 16 ዓመት ቆይቶ ወግ አጥባቂው ሬጋን በ489 የኤሌክቶራል ድምፅ (በየግዛቱ የሚቆጠረው፣ ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው) ገባ፣ ሥልጣን ላይ የነበረው ዴሞክራቱ ካርተር 49 ይዞ ቀረ። ተስካሩ ወጥቶለት ያበቃ ወገን እንዴት ተነስቶ ቤቱን ይረከባል?

የእኔ ምርጫ ኤፕሪል 1980 ነው። ኢራን ውስጥ የታገቱትን አሜሪካውያን ለማውጣት የተላኩት ሄሊኮፕተሮች በረሃ ላይ ባይበላሹ፣ 8ቱ ወታደሮች ባይሞቱ፣ 53ቱ ታጋቾች በዚያው ሳምንት አገራቸው ቢገቡ ካርተር ያሸንፍ ነበር ባይ ነኝ። ሬጋን የለም፣ የግብር ቅነሳ የለም፣ ሁሉም መንግሥት ድሃውን በሚደግፍበት በጆንሰን መንገድ ይቀጥላል። እናንተስ? “ሬጋን ጀግና ነው፣ ሬጋን ሰይጣን ነው” የሚለው ጭቅጭቅ ግን ይቅርብን፣ ጠገብን።

ቁጥር_አይዋሽም
ወንድሜ፣ ታጋቾቹ ቢመለሱ ካርተር ለጥቂት ሳምንት ይጨበጨብለታል። ከዚያ ሰውዬው ሱቅ ይሄዳል፣ ዋጋው ያው ነው። የ1980 ግሽበት 13.5 በመቶ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ባንኮች ለምርጥ ደንበኛቸው የሚያበድሩበት ወለድ 21.5 በመቶ ደርሶ ነበር። ለምርጡ! ተራው ሰውማ ቤት መግዛቱን በሕልሙ ካልሆነ አያስበውም።

ሰው የሚረሳው ነገር ደግሞ ወለዱን የሰቀለው ፖል ቮልከርን በ1979 ማዕከላዊ ባንኩ ላይ ያስቀመጠው ካርተር ራሱ መሆኑን ነው። የአየር መንገድ ዋጋን ለገበያ የለቀቀው ሕግ የወጣው በ1978፣ በካርተር ፊርማ ነው። የጭነት መኪናውም በ1980፣ እሱው። ስለዚህ መሪው መጠምዘዝ የጀመረው ሹፌሩ ሳይቀየር ነው።

እኔ የምቀይረው የካሊፎርኒያን የቤት ግብር ነው። አትሳቁ። በ50ዎቹ ቤት የገዛ ጡረተኛ አስቡ። የቤቱ ዋጋ በ70ዎቹ ተተኮሰ፣ ግብሩም አብሮ ወጣ፣ ጡረታው ግን ባለበት ቆመ። ቤቱ ሀብታም፣ ባለቤቱ ድሃ። እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ጎልድዋተርን አያውቅም፣ ስለ ርዕዮተ ዓለምም ግድ የለውም፣ ፖስታ ሲመጣ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ጊዜ የግዛቱ ካዝና በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተርፎት ተቀምጧል! ጁን 1978 ላይ ሕዝቡ ፕሮፖዚሽን 13 የሚባለውን፣ ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ የሚሰጥበትን የሕግ ሐሳብ፣ ከ60 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ አሳለፈና የቤት ግብር ከቤቱ ዋጋ 1 በመቶ ላይ ታሰረ። ከዚያ ወዲያ “ግብር ይቀነስ” ያለ ፖለቲከኛ ብዙ ሰሚ አገኘ። ግብሩ ሁለት ዓመት ቀድሞ ቢቀነስ ኖሮ ሬጋን ደጋፊ ከየት ያመጣ ነበር?

ችሎት
ሁለታችሁም ዘግይታችኋል። 1968 ነው። በሩን የሚዘጋው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወንበር ነው፣ ፕሬዚዳንትማ ይሄዳል ይመጣል።

ያን ዓመት ዋናው ዳኛ ኧርል ዋረን ልልቀቅ አለ። ጆንሰን ወዳጁን ኤብ ፎርታስን አጨ፣ ሴኔቱ ውስጥ ንግግር እያስረዘሙ አስቀሩበት። ኖቬምበር ላይ በፕሬዚዳንት ምርጫው ሪፐብሊካኑ ኒክሰን 43.4 በመቶ፣ ዴሞክራቱ ሃምፍሪ 42.7። በዚህች በማትሞላ አንድ በመቶ ኒክሰን ገባ፣ እስከ 1972 መጀመሪያ ድረስ 4 ዳኞች አስቀመጠ።

አሁን 1973ን ተመልከቱ። ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ። ኤጅውድ የሚባለው የድሆች ሰፈር ለአንድ ተማሪ 356 ዶላር ነበረው፣ የሀብታሞቹ አላሞ ሃይትስ 594። ለትምህርት ቤት የሚውለውን የቤት ግብር ድሆቹ በሚበልጥ መጣኔ እየከፈሉ ነው ያነሰ የሚያገኙት። ወላጆች ከሰሱ፣ 5 ለ 4 ተሸነፉ። በዓመቱ ደግሞ ዲትሮይት፣ ሚሺጋን። የሥር ፍርድ ቤቱ የከተማውን ልጆችና 53 የዳርቻ ወረዳዎችን ጥቁርና ነጭ አብረው እንዲማሩ ልጆችን በሚያመላልስ አንድ የአውቶቡስ ዕቅድ ሊያገናኝ ነበር፣ የከተማው ተማሪ በአብዛኛው ጥቁር፣ የዳርቻው በአብዛኛው ነጭ። አሁንም 5 ለ 4 ቀረ። አምስቱ ያው አምስት ናቸው፣ ከነሱ አራቱ የኒክሰን። ሃምፍሪ አሸንፎ ሁለት የተለየ ዳኛ ቢያስቀምጥ እንኳ ሁለቱም ፍርድ ይገለበጣል። የዚያች አገር ትምህርት ቤት ዛሬ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ቁጥር_አይዋሽም
@ችሎት፣ የፍርዱን ነገር እቀበላለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ዘለልከው። በዚያችው ሚሺጋን፣ ሜይ 1972፣ የአውቶቡሱ ጉዳይ ገና ችሎት ላይ እያለ የዴሞክራቶቹን የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ማን አሸነፈ? ጆርጅ ዋላስ! ጥቁርና ነጭ ይለያይ ባዩ ዋላስ፣ ለዚያውም ባለፈው ቀን ተተኩሶበት ሆስፒታል ተኝቶ። አውቶቡሱ እውነት ዳርቻው ድረስ ቢሄድ ሬጋን እስከ 1980 የሚጠብቅም አይመስለኝ።

ችሎት
ይሄማ “ሰው ይቆጣልና ፍርድ ይቅር” ማለት ነው። ተቃውሞው ሊከፋ ይችላል፣ እሺ። ግን አብረው የተማሩ ልጆች በ1990 መራጭ ይሆናሉ፣ እሱን ቁጥር ውስጥ አስገባልኝ።

ጋሽ ፓርኪንግ
ልጆች፣ ሜሪላንድ ከገባሁ 40 ዓመት አልፎኛል። ዋላስ የተመታባት ሎረል ከቤቴ ሩቅ አይደለችም፣ የገበያ ማዕከሉን በመኪና ስንቴ አልፌዋለሁ።

ታሪክ ስትቀይሩ አንዷን እንዳትነኩብኝ፣ ኦክቶበር 1965ን። በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! አንድ አውቶቡስ ተኩል ማለት ነው። ያንን የኮታ ሥርዓት በዚያ ኦክቶበር ያፈረሰው ጆንሰን ነው። እኔ ራሴ ከሱዳን የመጣሁት ካርተር በ1980 በፈረመው የስደተኞች ሕግ ነው፣ የገባሁት ግን በሬጋን ዘመን። በ1986 ደግሞ ወረቀት የሌላቸውን ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሕጋዊ ያደረገው ሕግ የሬጋን ፊርማ ነው ያለበት። ዲቪን ያመጣው የ1990ው ሕግ የትልቁ ቡሽ። ስለዚህ “ቀኝ” ስትሉ የትኛውን ቀኝ እንደሆነ ለዩልኝ፣ የዛሬው ቀኝና የያኔው አንድ አይደሉም።

እኔ ያየሁት ለውጥ የሠራተኛ ማኅበሩ ላይ ነው። ማታ ማታ የሰው መኪና በማቆምበት የሥራ ቦታዬ፣ ጋራዡ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ነጭ ሰውዬ ነበር፣ የድሮ አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ። በ1981 ሥራ አቁመው ሬጋን ካባረራቸው ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች አንዱ ነው። ማኅበራቸው ደግሞ በምርጫው ጊዜ የደገፈው ሬጋንን ነበር፣ ይሄን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፣ ሳቅ ካላችሁት። አውሮፕላን ወደ ናሽናል ኤርፖርት ሲወርድ ቲኬት መቁረጡን ትቶ ቀና ይልና ከፍታውን “ሁለት ሺህ ጫማ” ይለኛል። ወደ ሥራቸው እንዳይመለሱ የተጣለው እገዳ የተነሳው በ1993፣ በክሊንተን ነው። እሱ ያኔ ጉልበቱን ታሞ ቤት ውሎ ነበር። አንድ ነገር ቀይር ብትሉኝ እሱን ወደ አየር መቆጣጠሪያ ማማው እመልሰዋለሁ፣ ሌላውን እናንተ ተከራከሩበት።

የአዲሱ ገበያ ልጅ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሄሊኮፕተሩን ትቼዋለሁ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። @ቁጥር_አይዋሽም፣ አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ካዝናው ያን ያህል ተርፎት ከነበረ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ለምን ዝም አለ?

ቁጥር_አይዋሽም
ዝምስ አላለም። ሲጨቃጨቅ ከረመና በ1978 ነቃ። ለዘብ ያለ የግብር ቅነሳ አዘጋጅቶ ፕሮፖዚሽን 8 ብሎ አቀረበው። የምትጠይቀው ያ ሌላው ታሪክ በዚያው ቀን፣ በዚያው የምርጫ ወረቀት ላይ፣ ከ13 ቁጥር ከፍ ብሎ ተጽፎ ነበር። ሰው አይቶት አለፈው።