ወደ ላሚ ደሴት በፌሪ መመላለስ፦ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ምን ልወቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖቼ። ዋሽንግተን ስቴት ኤቨረት ከተማ ነው የምኖረው፣ ሆም ኬር (ሰው ቤት እየሄድኩ መንከባከብ) እሠራለሁ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ላሚ ደሴት ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት እንድንከባከብ ተመድቤያለሁ። መኪና ፌሪ (ሰውና መኪና የሚያሻግር ጀልባ) ላይ አስገብቼ አላውቅም፤ ውሃም እፈራለሁ። ቦታ አስቀድሞ ይያዛል? የጠዋት መድኃኒታቸውን የምሰጠው እኔ ስለሆንኩ ማርፈድ አልችልም።

መልስ (የቤሊንግሃም ነዋሪ)፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ይሄ ሲያትል የምናውቀው የስቴቱ ትልቅ ፌሪ አይደለም። የአካባቢው አስተዳደር፣ ዋትኮም ካውንቲ፣ የሚያስተዳድረው ትንሽ ጀልባ ነው፤ ስሙ ዋትኮም ቺፍ። በ1962 የተሠራ ነው፣ 20 መኪና ያህል ይይዛል። ስለዚህ የስቴቱን ሳይሆን የካውንቲውን የጉዞ ሰሌዳ ተመልከቺ። ቦታ አይያዝም፤ ከደሴቱ ማዶ የብሱ ላይ ያለው ወደብ፣ ጉዝቤሪ ፖይንት፣ ሄደሽ ትሰለፊያለሽ፣ ቀድሞ የመጣ ይገባል። የደርሶ መልሱን ሂሳብ እዚያው ስትሄጂ ትከፍያለሽ። ለምልልስ የብዙ ጉዞ ካርዱ ይሻልሻል።

ደግነቱ ጠዋት የደሴቱ ሰው ለሥራ ሲወጣ አንቺ ትገቢያለሽ። ወረፋው በአብዛኛው በእነሱ በኩል ነው። ቢሆንም አንድ ጉዞ ቀደም ብለሽ ድረሺ።

መልስ (የጭነት መኪና ሹፌር)፦ ፍርሃቱን ተይው፣ መሻገሪያው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሠራተኛው በእጁ ይመራሻል፤ እሱን ብቻ እያየሽ ቀስ ብለሽ ግቢ። ሞተር አጥፊ፣ የእጅ ፍሬን ያዢ። ማታ ስትሰለፊ መብራትሽን ቀንሺ፣ ሠራተኞቹን ያሳውራል። የባሕሩ ውሃ ሲወርድ መግቢያው ቁልቁለት ይሆናል፤ አትደንግጪ፣ ለትንሽ መኪና ችግር የለውም።

መልስ (እዚያው የሠራች)፦ እህቴ፣ ዋናውን ልንገርሽ። ጀልባውን በየዓመቱ ከውሃ አውጥተው ይጠግኑታል። ብዙ ጊዜ ልክ አንቺ በምትጀምሪበት በሴፕቴምበር አካባቢ ነው፣ ሳምንታት ይፈጃል። ያን ጊዜ የሚሠራው ሰው ብቻ የሚጭን ጀልባ ነው፤ መኪና አይሻገርም። የደሴቱ ሰዎች ቀድመው አንድ መኪና ወዲያ ማዶ፣ አንዱን ወዲህ ያቆማሉ። እኔ ማንም ሳይነግረኝ ሄጄ፣ በዝናብ ረጅም መንገድ በእግሬ ሄድኩ። የምጠብቃቸው አባት ምሳ ሳይበሉ ቆዩኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁኑኑ ቀኑን አጣሪ፣ ቤተሰባቸውንም ከወደቡ የሚወስድሽ ሰው ጠይቂ። የአንድ ቀን መድኃኒት ለይተሽ ለጎረቤት ማሳየትም አይከፋም፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ።

መልስ (የቤሊንግሃም ነዋሪ)፦ እውነቷን ነው፣ ረስቼው! በክረምት ደግሞ የኑክሳክ ወንዝ ሲሞላ ወደ ወደቡ የሚወስደው ስሌተር መንገድ ይዘጋል። ኃይለኛ ዝናብ ካደረ ከቤት ሳትወጪ መንገዱን አረጋግጪ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጃቸው ጋ ደወልኩ። ጥገናው እኔ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው አለችኝ። የእናቷ መኪና ጋራዥ ውስጥ ቆሟል፤ መኪናውን ጎረቤት እስከ ደሴቱ ወደብ ያመጣልሻል ብላለች። ቅዳሜ ያለ ሥራ አንዴ ተሻግሬ ልለማመድ ነው።