ሚቲዎሮሎጂ ለመማር ከአሁኑ ምን ላጥና?

ማርቆሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በመስከረም 12ኛ ክፍል እገባለሁ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሚቲዎሮሎጂ፣ ማለትም የአየር ሁኔታ ሳይንስ፣ መማር እፈልጋለሁ። ቤት ውስጥ ይህን ስናገር ሁሉም ሳቁ። አባቴማ «ዝናብ ይጥላል፣ አይጥልም ለማለት ይሄ ሁሉ ዓመት?» አለኝ። እስከ 10ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ሒሳብ መካከለኛ ነኝ። ፊዚክስ... እሱን እንለፈው። ክረምቱን ሙሉ ጊዜ አለኝ። ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ግን አለኝ። የት ነው የሚሰጠው? ምን ላጥና? ጂኦግራፊዬስ ይበቃኛል?

ሦስተኛ ዓመት፦
እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ፣ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ አለ። ትምህርት ክፍሉ ሚቲዎሮሎጂና ሃይድሮሎጂ አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ሰማዩን ብቻ ሳይሆን ወንዙንም ትማሪያለሽ። እንደገባሽ ግን ቀጥታ ደመና አትማሪም። መጀመሪያ ሁሉም ፍሬሽማን የሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች አሉ፣ የትምህርት ክፍል ምርጫ ከዚያ በኋላ ነው። ውጤትሽ እዚያ ላይ ወሳኝ ነው።

ጂኦግራፊ አይበቃም። ልዋሽሽ አልፈልግም። እኔም በደመና ፍቅር ነው የገባሁት፣ የደመና ስም በቃሌ አውቅ ነበር። የከባቢ አየር ዳይናሚክስ (የአየር እንቅስቃሴ ትምህርት) ሲጀመር ሰሌዳው ላይ የነበረው ደመና አይደለም፣ ፓርሻል ዴሪቬቲቭ የሚባል ሒሳብ ነው። «እንለፈው» ያልሽውን ፊዚክስ ማለፍ አይቻልም።

የሒሳብ አስተማሪ፦
ልጄ፣ አባትሽ የጠየቁት ጥያቄ መልስ አለው፣ በወረቀት ላሳይሽ።

ነፋሱ ከሰሜን በሰከንድ 5 ሜትር ይነፍሳል እንበል። ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር በሄድሽ ቁጥር አየሩ በ2 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከ6 ሰዓት በኋላ አንቺ ያለሽበት ቦታ ምን ይሆናል? በሰከንድ 5 ሜትር ማለት በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው። በ6 ሰዓት 108 ኪሎ ሜትር። ያኔ አንቺ ጋ የሚደርሰው አየር አሁን 108 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ነው። ሌላ የሚያሞቀው ነገር ከሌለ 2 ዲግሪ ከትንሽ ትቀዘቅዣለሽ። ይሄው ትንበያ ሠራሽ! «በ100 ኪሎ ሜትር 2 ዲግሪ» ያልነው፣ ማለትም የለውጡ መጠን፣ ዴሪቬቲቭ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ ሊሚት ሲጀመር ብዙ ተማሪ «ይሄ ለምን ይጠቅማል?» ይላል። ለዚህ ይጠቅማል።

ክረምቱን ሦስት ነገር ላይ አተኩሪ፦ ቬክተር፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ዴሪቬቲቭ። ነፋስን ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን መክፈል ካላወቅሽ ሌላው ሁሉ ይጨልማል። ፎርሙላ አትሸምድጂ። በቀን አምስት ጥያቄ በእጅሽ ሥሪ፣ መልሱን ያየሽው ከሠራሽ በኋላ ይሁን።

ኮድ ወዳድ፦
ሒሳቡን ተዉት፣ ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ይቅደም! ዘንድሮ ሁሉም ነገር ዳታ ነው። ላፕቶፕ ባይኖርም ኮድ የሚጻፍበት ድረ ገጽ፣ ጎግል ኮላብ፣ በስልክ ብሮውዘር ይሠራል።

የድሮ ተንባይ፦
ወንድሜ፣ ፓይተን ጥሩ ነው፣ ግን አይቅደም። ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ካርታም አሳምሮ ይስልልሃል። ስህተቱን የሚያውቀው ፊዚክስ የገባው ሰው ነው።

አንቺ የማርቆስ ልጅ፣ እኔ በትንበያ ሥራ ነው ያረጀሁት። አንድ ነገር ላጫውትሽ። ዓለም ላይ ተንባዮች በብዛት ከሚያዩዋቸው ካርታዎች አንዱ የ850 ሄክቶፓስካል ነው፣ ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ይህ ግፊት የሚገኘው ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እና እናንተ ጋ ያ ካርታ የሚያሳየው አየር የት ነው? ከመሬት በታች! ትንበያውን የሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል ግን በግምት ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል። ጀማሪዎች እሱን አይተው ስለ ደጋ ነፋስ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ለደጋው ወደ 3,100 ሜትር ገደማ ያለውን የ700 ሄክቶፓስካሉን ካርታ ማየት ይሻላል። ግፊት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚወርድ ከፊዚክስ መጽሐፍሽ አሁን ብትረጂው እንዲህ ያለ ወጥመድ ውስጥ አትገቢም። ማርቆስ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሽሮ ስትሠሪ አስታውሺው።

ሁለተኛ፣ መምህሩ ትሪጎኖሜትሪ ያሉት ትክክል ነው። መሬት ስትዞር ነፋስን የምታጣምምበት ኃይል በኬክሮስ ሳይን ይባዛል። ማርቆስ 10 ዲግሪ አካባቢ ናት፣ ሳይኑ 0.18 ገደማ ነው። አውሮፓ 45 ዲግሪ ላይ 0.71 ነው። አራት እጥፍ ልዩነት! ስለዚህ ከውጭ መጽሐፍ የምታነቢው ሁሉ እዚህ እንዳለ አይሠራም።

ስታቲስቲክስንም አትናቂ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ በድርቅ ምን እንዳደረገን ሁላችንም እናስታውሳለን። የወቅት ትንበያ ስንሠራ የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት የዘንድሮውን የመሰለባቸውን ዓመታት ፈልገን እናያለን። ከዚያ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ እንሰጣለን። ለአባትሽ ንገሪያቸው፦ «ይጥላል፣ አይጥልም» አንልም፣ «ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ነው የምንለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነኝ። ምናልባት ውጭ ያሉ የወገን ልጆች ይህን ካነበቡ ይጠቅማቸዋል። እዚህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛወርኩ። ኮሌጁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፊዚክስ አለ፣ በአልጀብራ የሚሰጥና በካልኩለስ የሚሰጥ። አማካሪዬ «ቀላሉን ውሰድ» አለኝ፣ ወሰድኩ። ስዛወር አልተቆጠረልኝም። ሁለት ሴሚስተርና ገንዘቤ ገደል ገባ። የካልኩለሱን ውሰዱ!

ደግሞ ዲግሪው ስሙ ብቻ አይበቃም። እዚህ በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሚቲዎሮሎጂስት ሆኖ ለመቀጠር በዲግሪ ለሚገባ ሰው 24 ሴሚስተር ሰዓት (ክሬዲት) የሚቲዎሮሎጂ ኮርስ ይጠየቃል። ከዚያ ውስጥ 6ቱ ዳይናሚክስና ቴርሞዳይናሚክስ፣ 6ቱ የአየር ሁኔታ ትንተናና ትንበያ ናቸው። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚባለው ሒሳብ ለብቻው 3 ሰዓት፣ ፊዚክስ ከነላብራቶሪው 6 ሰዓት። ኮርስ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ዝርዝር አጠገባችሁ አድርጉ።

ሦስተኛ ዓመት፦
ማርቆሴዋ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የዝናብ መለኪያ ሥሪ። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ሥር ቁረጪ፣ የላይኛውን ክፍል ጠባቡ አፍ ወደ ታች እንዲሆን ገልብጠሽ የታችኛው ክፍል ውስጥ ክተቺው። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውሃውን በሲሪንጅ ለኪና ደብተር ላይ ጻፊ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ከዚህ ተነስተሽ ራስሽ አስይው።

ማርቆሴዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! አባቴ የ850ውን ታሪክ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማ፣ ከዚያ «እስቲ ድገሚልኝ» አለ። መለኪያውን ትናንት ሠራሁ። ክቡ አፉ ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ዛሬ ጠዋት 140 ሚሊ ሊትር አገኘሁ። የአፉ የወለል ስፋት 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 140ን ለእሱ አካፈልኩ፣ 1.78 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ወደ 18 ሚሊ ሜትር ዝናብ። ልክ ነኝ?

የሒሳብ አስተማሪ፦
ስሌቱ ልክ ነው፣ ጎበዝ። የት ነው ያስቀመጥሽው?

ማርቆሴዋ፦
ከቤቱ ጥግ፣ ነፋስ እንዳይጥለው ግድግዳው ሥር።

የድሮ ተንባይ፦
እንግዲያው የለካሽው የቆርቆሮውን ጠፈጠፍ ነው! ወደ ግቢው መሃል አውጪው፣ ከቤቱ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ራቂ፣ ዙሪያውን በድንጋይ አስደግፊው።

ማርቆሴዋ፦
😂 የዛሬዋን ከደብተሩ ሰርዣለሁ። ነገ 3 ሰዓት ላይ እንደገና።